በጭብጨባ የተሰጠ ፈቃድ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። የያዝኩት አንድ ትንሽ ሻንጣ፣ የድምፅ መቅረጫና የውሃ ኮዳ ነበር። የምሄድበት ጉዳይ ባጭሩ ይነገራል። ሰመራ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ጤና የምታጠና ሃዋ የምትባል ተማሪ መምህሯ በሚያካሂደው ጥናት ውስጥ ገብታ ነበር፤ ከዚያ በቃኝ ብላ ወጣች። ለምን እንደወጣች እስክትናገር ድረስ ዱብቲ ለተግባር ልምምድ አትሄጂም ተባለች። ልምምዱን ያልጨረሰ አይመረቅም።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ወደ ዝግጅት ክፍላችን ደውላ እኔን አገኘችኝ።

«ጉዳዩ ትንሽ ነው» አለች።

«ትንሽ ከሆነ ለምን ደወልሽ?»

«ትንሽ ስለሆነ ነዋ! ማንም አልሰማ አለኝ።»

አዘጋጁ አለቃዬ መንገዱን ሲያስበው ግንባሩን ቋጠረ። «ለአንዲት ተማሪ ሰመራ ድረስ?»

«ሰመራ ድረስ» አልኩት።

ሃዋ እውነተኛ ስሟ አይደለም። የሌሎቹንም ስም ቀይሬያለሁ፤ የኮሌጁን ስም አልጽፍም። የተቀረው ያየሁትና የሰማሁት ነው።

አዋሽ

አዳማ ድረስ ፈጣን መንገድ ስለሆነ ተሳፋሪው እንቅልፉን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ የከባድ መኪኖች ነው፤ ባለ ተሳቢዎቹ ወደ ጅቡቲ ባዷቸውን እየተንጓጉ ይወርዳሉ፣ ጭነው ደግሞ እያቃሰቱ ይወጣሉ። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ አስፋልቱን ተጠግቶ ተኝቷል። ፈንታሌን በስተግራ ትተን አዋሽ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከሚኒባሱ ስወርድ ሙቀቱ የተቀበለኝ ከታች ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ጫማዬ፣ ከጫማዬ ወደ ጉልበቴ።

አዋሽ ላይ ያደርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሃዋ እናት ወይዘሮ ዘሃራ እዚያ ሾፌሮች የሚቆሙበት ምግብ ቤት አላት። የባቲ ሰው ናት፤ ባሏ አፋር ነው፣ በዚያው በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ያን ቀን አልነበረም። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሸምበቆ ነው። ሁለት ማራገቢያዎች ሙቀቱን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ያመላልሳሉ።

«ጋዜጠኛዋ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ራሴን ካስተዋወቅሁ በኋላ ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረበችልኝ። ሩዙ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ አንቺ ማለት ጀመረች። «ብይ እንጂ፣ እህቴዋ። ሰመራ እንዲህ ያለ አታገኚም።»

በላሁ። ከአጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እጅ ላይ የሚታሰር ነገር ነው አሉኝ። መርፌ አይደል፣ ኪኒን አይደል። ምን አደረጋት?»

«እሱን የምታውቀው እሷ ናት።»

«ለእኔስ መቼ ነገረችኝ! እናቷ ነኝ እኮ!» በእጇ የያዘችውን ጭራ ወደ ዝንቦቹ ወዘወዘች። «እንግዲህ መልእክት አለኝ። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አድርሺልኝ። መምህሯን ይቅርታ ትጠይቅ። ምክንያት ከሌላትም ፈጥራ ትንገረው። ራሴን አመመኝ ትበል። በዚህ ሙቀት ራሱን የማያመው ማን አለ? አንቺን አሁን አያምሽም?»

«ያመኛል።»

«ይኸው!»

ጥግ ላይ የተቀመጠ ሾፌር ከሳህኑ ቀና አለ። «ዘሃራ፣ ልጅቷ እኮ ባንቺ ነው የወጣችው። ባለፈው ሻይ ለምን ጨመረ ብዬ ብጠይቅሽ ምክንያቱን ነገርሽኝ?»

«አንተ ብላና ሂድ!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ዘሃራ ግን አልሳቀችም። ስነሳ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «እኔ የዚህ ቤት ጭስ ዓይኔን የጨረሰው እሷ ነጭ ጋወን እንድትለብስ ነው። ይህንንም ንገሪልኝ» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ዝግ ብሎ ነበር።

ወደ ታች

በማግስቱ ማለዳ ተነሳን። ከአዋሽ አርባ በኋላ ሜዳው ይሰፋል፤ ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾኻም ቁጥቋጦ ግራና ቀኙን ወርሶታል። ገዋኔ ላይ የአያሉ ተራራ ከጭጋጉ ብቅ አለ። በረዶ ውስጥ የተነከረ ውሃ በመስኮት የሚሸጡ ሴቶች ሚኒባሱን ከበቡ። ዋጋው ከአዲስ አበባ እጥፍ ነበር፤ ማንም አልተከራከረም።

አጠገቤ የተቀመጡት የሰርዶ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከዚያ መንገዱን፣ ዝናቡን፣ አዋሽ ላይ የከብቱን ሁኔታ በተራ ጠየቁ። አፋሮች ዳጉ ይሉታል፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ወሬ የሚቀባበልበት ወግ ነው። አዳማ ላይ ዝናብ አለ ስላቸው አቋረጡኝ።

«አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ሰማሁ በይ።»

ከዚያ በኋላ አየሁና ሰማሁ እየለየሁ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሚሌ ድረስ የሚያውቁትን በዚያው መንገድ መለሱልኝ። ሰመራ ለምን እንደምሄድ አልጠየቁኝም።

ሰመራና ሎግያ

ሰመራ ንፋስ ናት። ሰፋፊ አስፋልት፣ ተራርቀው የቆሙ ፎቆች፣ በመካከላቸው አሸዋ ይዞ የሚሮጥ ንፋስ። ባጃጅ ይዤ ወደ ሎግያ ተሻገርኩና ሃዋ በቀጠረችኝ ዓሣ ቤት ተቀመጥኩ። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰ ነው፤ ከሰፊ ቂጣና ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ይመጣል።

ሃዋ ነጭ ጋወኗን በክንዷ ላይ አጥፋ ገባች። አጭር ናት፤ ፈጥና ትናገራለች፣ ስትሰማ ግን ዓይኗን አትነቅልም። አብሯት የክፍል ጓደኛዋ አሊ መጥቷል፤ ቀጭን፣ ሳቂታ የዱብቲ ልጅ።

መቅረጫውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ እጇን ዘረጋችበት።

«እትዬ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«ከነገርኩዎት በኋላ ሐሳቤን ብለውጥስ?»

«እስኪታተም ድረስ የተናገርሽውን ማውጣት ትችያለሽ።»

«ምክንያት ሳልናገር?»

ይህን ብዙ ባለሥልጣናት ጠይቀውኝ እምቢ ብያለሁ፤ ወደፊትም እላለሁ። ባለሥልጣን ቃሉን የሚሰጠው ለሕዝብ ነው። ይህች ግን ሰው በሕይወቷ ላይ መረጃ ስለሰበሰበ የተጨነቀች ተማሪ ናት፤ እኔም ደግሞ መቅረጫ ይዤ ፊቷ ተቀምጫለሁ።

«ምክንያት ሳትናገሪ» አልኩ።

«እንግዲያው ይቀረጽ።» መቅረጫውን ከፍታ ወደ እኔ ገፋችው። የመጀመሪያው ድምፅ የእኔ ቃል ኪዳን ሆነ።

ከዚያ ነገረችኝ። መምህር ተስፋዬ ከምሳ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ ገብቶ ሙቀት የተማሪዎችን እንቅልፍ እንዴት እንደሚጎዳ እንደሚያጠና አስረዳቸው። እያንዳንዳቸው እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰር መለኪያ ያስራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በስልክ ለሚላኩላቸው ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ። ፈቃደኛ ናችሁ ወይ ሲል የክፍሉ አለቃ ተነስቶ፣ በክፍሉ ስም ደስ ይለናል አለ። ጭብጨባ ሆነ።

«አንቺስ?»

«እኔም አጨበጨብኩ። ምሳ ሰዓት ነበራ!»

«ፊርማስ አልነበረም?»

«በኋላ መጣ። ስታጨበጭቡ ተስማምታችኋል፣ ፈርሙ ተባልን።»

ለጥቂት ሳምንታት አሰረችው። አንድ ቀን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ለምን አላት፤ በቃኝ አለች። ለምን በቃሽ አላት፤ መናገር አልፈልግም አለች። ወሬው በዚህ ቆሞ ቀረ፤ የልምምድ ተመዳቢዎች ሲነገሩ ግን ስሟ አልተጠራም።

አሊ ዓሣውን እየቆነጠረ ይስቃል። «እኔኮ መክሬያታለሁ፣ እትዬ። እንደ እኔ አድርጊ ብያታለሁ።»

«አንተ ምን አደረግህ?»

ሃዋ ቀደመችው። «ለፍየል አሰረው።»

አሊ አልካደም። ሎግያ በተከራየው ግቢ ውስጥ አከራዩ ፍየል አላቸው፤ መለኪያውን ማታ ማታ አንገቷ ላይ ያስርና እሱ ባዶ እጁን ይተኛል። ጠዋት ለጥያቄዎቹ የመጣለትን ይመልሳል።

«መምህር ክፍል ውስጥ አመሰገነኝ፣ ወላሂ!» አለ። «በዚህ ሁሉ ሙቀት የተረጋጋ እንቅልፍ ያለው አሊ ብቻ ነው አለ።»

«ፍየሏ ናታ!» አለች ሃዋ። «ለመሆኑ በዳጉ እንዲህ ብትዋሽ አባትህ ምን ይልህ ነበር?»

«ይሄ ዳጉ ነው እንዴ? የእጅ ሰዓት ነው።»

«ውሸቱ ግን ያው ነው። ነገ በዚህ ጥናት ተነስተው ሰመራ ሰው ደህና ይተኛል ቢሉስ? ማራገቢያ አያስፈልጋቸውም ቢሉስ? በአንተ ፍየል ምክንያት!»

አሊ መሳቁን አቆመ። ይህን ጊዜ የእናቷን መልእክት አደረስኩ፤ ይቅርታውን፣ ራስ ምታቱን፣ የጭሱን ነገር ሳይቀር። ስለ ራስ ምታቱ ስትሰማ ሳቀች። ስለ ጭሱ ስነግራት ጋወኗን እንደገና አጠፈችው፤ አስቀድሞም በደንብ ታጥፎ ነበር።

«ራሴን አላመመኝም» አለች በመጨረሻ። «አመመኝ ብል መምህር ይጽፈዋል። የጻፈውን ሌላ ሰው ያምነዋል። አልፈልግም ማለት መብቴ ነው፤ መዋሸት ግን መብቴ አይደለም። ለዚህ ነው ፈትቼ በግልጽ የሰጠሁት። ዱብቲ ባልሄድም እንደዚያው ነው።»

ከዚያ አሊን ውሃ ግዛ ብላ ላከችውና ለምን እንደወጣች ነገረችኝ።

እዚህ ላይ አንድ አንቀጽ ነበር። እመለስበታለሁ።

መምህሩ

መምህር ተስፋዬ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ሰመራ ብዙ ዓመት ኖሯል። ቢሮው ገብቼ የመጣሁበትን ስነግረው አላባረረኝም፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበር መስኮቱን ከፍቶ ወንበሩን ንፋስ ወዳለበት አዞረልኝ።

«ጥናቱ ለእነሱ ነው» አለ። «ከሰዓት በኋላ ያለውን ትምህርት ወደ ማለዳ ማዛወር እፈልጋለሁ። አስተዳደሩ ማስረጃ አምጣ አለኝ። ማስረጃው እነሱ ናቸው።»

«እንግዲያው እያንዳንዳቸው መጠየቅ አለባቸው።»

«ጠይቄያለሁ። ሁሉም አጨብጭበዋል።»

«በጭብጨባው ውስጥ የሃዋ እጅ የትኛው ነበር?»

እርሳሱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ቃሏን አጥፋለች» አለ። «ኃላፊነት የሚባል ነገርም አለ። እያንዳንዱ እንደፈለገው ቢወጣ ማን ጥናት ይሠራል? ለምን እንደወጣች ካላወቅሁስ ስህተቴን በምን አርማለሁ?»

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ እንደዚያም ብዬዋለሁ። «መጠየቅ ይችላሉ። እሷም አለመመለስ ትችላለች። ልምምዱን ከዚህ ጋር ያገናኘው ግን ምንድን ነው?»

«ሥነ ምግባር።»

«ጥናቱ በፈቃድ ነው ብለዋል። ፈቃድ ከሆነ መውጣቱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት ከሆነ ደግሞ ፈቃድ አይደለም። አንዱን ይምረጡ።»

ተቆጣ። ሰመራ ላይ ቁጣ ላብ ያመጣል፤ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። «ነገ ክፍል ይምጡ። በፊትዎ እጠይቃቸዋለሁ። የተገደደ ካለ ይናገር።»

ክፍል ውስጥ

ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ከሃዋና ከጥቂቶች በስተቀር የሁሉም እጅ ላይ መለኪያው አለ። የአሊም ያን ዕለት እጁ ላይ ነበር።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እስኪ፣ ከጥናቱ መውጣት የሚፈልግ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። የክፍሉ አለቃ ከፊት ወንበር ተነስቶ፣ «መምህር፣ በክፍሉ ስም፣ ሁላችንም…» ብሎ ሲጀምር ሃዋ ተነሳች።

«በእኔ ስም አትናገር።»

ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች።

«መምህር፣ እንዲህ ከጠየቁን ያው ጭብጨባው ነው። ሁሉም ሰው እያየ ማን እጁን ያወጣል? ለየብቻ ይጠይቁን።»

«አንቺ መጀመሪያ ምክንያትሽን ተናገሪ።»

«ምክንያቴ የእኔ ነው። እጄ ላይ የነበረው የእርስዎ ነው፤ መልሼዋለሁ።»

ከኋላ አንድ ልጅ አፏጨ። መምህሩ አፉን ሊከፍት ሲል አሊ ተነሳ። ሳቁ ፊቱ ላይ አልነበረም።

«መምህር፣ የእኔ እንቅልፍ የፍየል ነው።»

«ምን አልክ?»

«ያመሰገኑት እንቅልፍ። የአከራዬ ፍየል ናት የተኛችው። እኔማ ግቢ ውስጥ ስገላበጥ ነው የማነጋው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ተማሪዎቹ ፊት ሲቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ዙሪያውን ቃኘ።

«ሌላ ፍየል አለ?» አለ።

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። አንዱ መለኪያውን ከአልጋው እግር ጋር አስሮ እንደሚያድር ተናገረ። ሌላዋ ጥያቄዎቹን ሳታነብ እንደምትመልስ አመነች፤ ውጤት እንዳይቀነስባት ፈርታ ነው። ከዚያ ሰዓዳ የምትባል የአፋምቦ ልጅ እጇን ከፍ አድርጋ መለኪያዋን አሳየች።

«የእኔ እጄ ላይ ነው። አንድም ቀን አላወለቅሁትም። መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ትምህርቱ ወደ ማለዳ እንዲዛወር እፈልጋለሁ። ሃዋ ስለወጣች እኔንም እንዳታስወጡኝ።»

«ማን ያስወጣሻል?» አለች ሃዋ ዞር ብላ። «እጁ ያንቺ፣ ሰዓቱም ያንቺ።»

መምህሩ ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ቢሮው አስገብቶ ጠየቃቸው፤ በሩን ዘግቶ፣ የክፍሉን አለቃ ሳያስገባ። ስንቱ እንደቀጠለና ስንቱ እንደወጣ አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም። ሃዋን በሩ ላይ አገኛት። «የልምምዱን ነገር ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋር እነጋገራለሁ» አላት። ትሄጃለሽ አላላትም፤ አትሄጂም አላላትም። የዱብቲው ሚኒባስ የሚነሳው ሰኞ ነበር። እኔ ቅዳሜ መንገድ ጀመርኩ።

መመለስ

አዋሽ ላይ ዘሃራ ከሩቅ አይታኝ ማንኪያዋን ይዛ ወጣች።

«ምን አለች?»

«ራሴን አላመመኝም በያት አለች።»

«ዱብቲ ትሄዳለች?»

«አልታወቀም።»

«ምክንያቷንስ ነገረችሽ?»

«ነገረችኝ።»

«ምንድን ነው?»

«እሷን ጠይቂያት።»

«ለእኔም?»

«ላንቺም።»

ማንኪያውን በሩ ላይ መታችው። «እንዳንቺ ያለ ክፉ ሰው አላየሁም!» አለች። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ግን በፌስታል የተጠቀለለ ትኩስ ቂጣ በመስኮት ጣለችልኝ። «ለመንገድሽ ነው። ለእሷ ብዬ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም።»

ቤት

ቤቴ ገብቼ የጫማዬን አሸዋ አራገፍኩና መጻፍ ጀመርኩ። ሃዋ ለምን እንደወጣች የሚናገረው አንቀጽ ከሁሉም የተሻለ ነበር። ያለማጋነን እላለሁ፤ ብዙ ዓመት ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ ጥሩ አንቀጽ ሲመጣ አውቀዋለሁ።

ሰኞ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። በስልኩ ውስጥ ንፋስና የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ፣ ዱብቲ ልንገባ ነው!»

«ስምሽ ተጠራ?»

«መጨረሻ ላይ። መምህር ራሱ ነው የጠራው፤ ወደ እኔ ግን አላየም። አሊም አለ፣ ፍየሏ ብቻ ቀረች።» ከኋላዋ የአሊ ሳቅ ተሰማኝ። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «እትዬ፣ ያን የነገርኩዎትን ያውጡልኝ።»

«የትኛውን?»

«ለምን እንደወጣሁ የነገርኩዎትን።»

የመጀመሪያው ፊደል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«እሺ» አልኩ።

«ለምን አይሉኝም?»

«አልልም።»

«አልሃምዱሊላህ» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

አንቀጹን አወጣሁ፤ ድምፁንም አጠፋሁ። ስለ ሌሎች ሰዎች መብት መጻፍ ቀላል እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ዋጋው ከራስ ገበታ ሲነሳ ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚህ ጉዞ ነው። ምክንያቷን የማወቅ መብት መምህር ተስፋዬ እንደሌለው ሁሉ እኔም የለኝም። እናቷም፣ አንባቢም እንደዚሁ። እውነቱን ለመናገር ያልደፈረ ሁሉ ፍየል ፈልጓል፤ እሷ ግን ፈትታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች። ይህ ይበቃል።

አለቃዬ ጽሑፉን አንብቦ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

«መካከሉ ጎዶሎ ነው» አለ። «ልጅቷ ለምን ወጣች? አንባቢ ይጠይቃል።»

«ይጠይቅ።»

«ነግራሻለች እኮ! በድምፅ አለሽ።»

«ነበረኝ» አልኩት።